ሰው በሌለበት የሚሞቅ ቤት

የወጣሁ ዕለት ድሬ ገና አልነጋም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሙሉ፣ ታላቅ እህቴ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥላ «ልጅቷን አትቀስቅሻት፤ አቦ፣ ዝም ብለሽ ሂጂ» አለችኝ። ልጄ ቤቲ አምስት ዓመቷ ነበር። አንሶላዋን ረግጣ ጥላ ግቢው ውስጥ በተዘረጋው አልጋ ላይ ተኝታለች። አልቀሰቀስኳትም። አላለቀስኩምም። ፓስፖርቴ መኖሩን ብቻ ደጋግሜ እየዳበስኩ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ የጀርመን ብርድ ጃኬት ተገዝቶለት የሚያልፍ እንዳይመስላችሁ። አጥንት ውስጥ ገብቶ ኪራይ ሳይከፍል የሚኖር ብርድ ነው። አከራዬ፣ አንዲት አሮጊት፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ያዙኝ።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከድሬዳዋ።»

«እዚያ ማሞቂያ የለም እንዴ?»

«ሰማይ ላይ አለ። መዝጊያው ነው የጠፋን።»

አልሳቁም። እዚህ አገር ቀልድም ቀጠሮ ይፈልጋል።

ድሬ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ እዚህ ከዜሮ ጀምሬ ፕሮግራሚንግ ተማርኩ። አውስቢልዱንግ ይሉታል፣ የሙያ ሥልጠና ነው። የመጨረሻውን ፈተና ካለፍኩ ሥራ አገኛለሁ፤ ሥራ ካገኘሁ ቤቲን አመጣለሁ። የውጭ ዜጎች ቢሮ የምትሠራው ሴትዮ «መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ ልጅ» ብላኛለች። ይህንን ስጠብቅ አራት ዓመት ሄደ።

በፈተናው ቀን ጠዋት ቤቲ ደወለች። «ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ካርድ ይሰጠናል» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው ያ ሁለት ሰዓት ነው።

ጥያቄው ቀላል ነበር፣ ሳየው ደስ ሁላ ብሎኝ ነበር። አንድ ቤተሰብ በማለዳ ይነሳል፣ ወደ ሥራ ይሄዳል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል፣ ይተኛል። ሰዓቶቹን ራሳችሁ መርጣችሁ የቤቱን ማሞቂያ ፕሮግራም ጻፉ፣ ግራፉንም ሳሉ ይላል። በየሰዓት ክፍሉ የተለያየ ሕግ ያለው ፋንክሽን ነው፤ ድሬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንቴ አስተምሬዋለሁ። ከዜሮ እስከ ሁለት ሰዓት ሃያ አንድ ዲግሪ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሥራ ስድስት ዲግሪ፣ እስከ አሥራ ስድስት ሰዓት እንደገና ሃያ አንድ፣ ከዚያ እስከ ሃያ አራት ሰዓት አሥራ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ኮዱ ያለ አንድ ስህተት ሠራ። ብዙዎቹ የሚሳሳቱበትን እንኳን አልተሳሳትኩም፤ ግራፉ ከአንዱ የሰዓት ክፍል ወደ ሌላው በሚዘልበት ቦታ ኮምፒውተሩ መስመር እንዳይጎትት ክፍት ትቼዋለሁ።

ፈታኙ ወረቀቴን ይዞ ጠራኝ።

«ሰዎቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ ቤቱን ታሞቂያለሽ። ደክሟቸው ሲመጡ ታጠፊባቸዋለሽ። ምን አደረጉሽ?»

ግራፉን አየሁት። ዜሮ ያልኩት የንጋቱን አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እዚህ ግን ዜሮ እኩለ ሌሊት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ባቡርም ቀጠሮም ሳያመልጠኝ ስድስት ሰዓት እየደመርኩ ኖሬ፣ የዚያን ቀን ረሳሁት። ልማድ ክፉ ነው።

«ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው» አልኩት።

«የት አገር?»

«እኛ አገር።»

«ፈተናው ግን እዚህ ነው» አለና ወደቅሽ የሚለው ላይ ፈረመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በሩን ከፍቶ ነው የሸኘኝ። እንደገና መፈተን ከስድስት ወር በኋላ ነው። እቤቴ ገባሁ፣ ሩዝ ቀቀልኩ፣ በላሁ። ምንም አልተሰማኝም፤ እሱ ራሱ ነው ያስፈራኝ።

በማግስቱ ደወልኩ። ቤቲ አነሳች።

«ፈተናው አልሆነልኝም፣ የኔ እናት። ትንሽ ልትጠብቂኝ ነው።»

ታለቅሳለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ነበር።

«ችግር የለውም» አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው።

«ካርድሽስ?»

«ሁለተኛ ወጣሁ።»

«ጎበዝ።»

ሌላ ሳልጠይቃት ቀደመችኝ፤ እንግዳ እንዳይከፋው እንደሚባለው ለስለስ አድርጋ፦

«እማዬን ላቅርብልሽ?»

እህቴን፣ ሙሉን ማለቷ ነው።

«አቅርቢልኝ» አልኳት።