ሰርጉን ለማስቀረት የጠራሁት ሽምግልና

በኮሮናው ሰሞን ሀርጌሳ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ተከራይቼ ስኖር፣ ከእኔ በላይ ደንብ የሚያከብር ሰው አልነበረም። እናም ድሬዳዋ ያደጉት አከራዬ ሐጂ አብዲ ልጃቸውን ለመዳር መቶ ሰው ሊጠሩ መሆኑን ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ሐጂ፣ መሰብሰብ እኮ ተከልክሏል!»

«ወላሂ፣ ቤቱ የኔ፣ ልጅቷ የኔ፣ ብታመምም ሳሉ የኔ! አንተ ምን አገባህ?»

«ሳሉማ ለእኔም ይደርሰኛል፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው!»

እዚያ አገር እንዲህ ያለውን ጠብ የሚፈታው ሽማግሌ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎች ይዳኙን አልኩ። ሐጂም ተስማሙ። ታዲያ አንዱ ሽማግሌ ከነወንድሞቹ፣ ሌላው ከነአማቾቹ እየመጣ ግቢው ጢም አለ። ለዳኞቹም ፍየሎች ታረዱ። ማስኬን አጥብቄ ስለ ርቀት መጠበቅ ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩ፤ በሶማልኛ የተረጎሙልኝም ራሳቸው ሐጂ ነበሩ።

አንጋፋው ሽማግሌ ፈረዱልኝ። «ልጁ እውነቱን ነው፤ ለሰርግ ሰው መሰብሰብ አይቻልም።»

በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። እሳቸው ግን ዙሪያውን ቃኙና ቀጠሉ።

«እኛ የመጣነው ለፍርድ ነው። ሙሽራው አለ፣ ሼኩም አለ። ሳንበተን ኒካውን እንሰር።»

እልልታው ቀለጠ። ሐጂ አንገቴን አቅፈው ጉንጬን ሳሙኝ።

«አላህ ይስጥህ ልጄ! እኔ ብጠራቸው ኖሮ ግማሾቹ ኮሮና ፈርተው ይቀሩ ነበር!»