የተሰወረው መርዶ

አዋላጇ ከኃላፊው ቢሮ በቀር ስልክ በሌለበት የባዕድ አገር ሚስዮን ስድስት ዓመት አገልግላ ተሰናበተች። ኃላፊው "ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ" ብለው መርቀው ሸኟት።

ቤት ስትደርስ ታላቅ ወንድሟ ከወንበሩ አልተነሳም።

"ለእናትሽ ቀብር ያልመጣሽ፣ አሁን ምን ቀረኝ ብለሽ መጣሽ?"

"እማዬ ሞታለች?"

"አምስት ወሯ! ለኃላፊሽ ደውዬ ነገርኳቸው። 'ሰምታለች፤ ሥራዋን ጥላ አትመጣም' አሉኝ።"

ሻንጣዋን ሳትፈታ ደወለችላቸው።

"ሌላ አዋላጅ አልነበረንም፤ ሥራው እንዳይበደል ብዬ ነው፣ ልጄ" አሏት።

"ልጄ አይበሉኝ! እኔ የሰው ልጅ ስቀበል እርስዎ የእናቴን መርዶ ዋጡብኝ!"

እሑድ በሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ ስለ አገልግሎቷ እንድትመሰክር መድረክ ላይ አወጧት። የሆነውን አንድ በአንድ ተናገረች፤ አሜን የሚል ጠፋ። ሰባኪው ማይኩን ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ "ገና አልጨረስኩም" አለቻቸው።