ደፍ የማያልፈው ውሻ

ዶን ባልዶቪኖ ኦያርሶ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሃምሳውን የኖሩት የሰው በግ ሲጠብቁ ነው፤ ከጎረቤት እስከ ጎረቤት በፈረስ ግማሽ ቀን በሚያስኬደው በፓታጎኒያ ሜዳ። ዳሌያቸው እምቢ ሲላቸው ልጃቸው ኤዴልሚራ ኮይሃይኬ ከተማ አምጥታ ቤቷ አስገባቻቸው። ፈረሱ ተሸጠ። ኮርቻው ግን ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ እንጨት ማከማቻው ውስጥ ጆንያ ተደፍቶበት ተቀምጧል። ማንም እንዳይነካው ብለዋል፤ እሳቸውም ሄደው አያዩት። መስኮት ዳር ቁጭ ብለው ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻያቸውን ከቅሉ እየመጠጡ መንገዱን ያያሉ። ምን ያድርጉ፣ ከተማ ውስጥ ሌላ ምን የሚታይ አለ።

ሐምሌ ላይ፣ በረዶው አጥሩን በዋጠበት ሳምንት፣ የኤዴልሚራ ልጅ ማይሌን ውሻ ካልመጣልኝ አለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እልኸኛነቱን ከማን እንደወረሰችው መጠየቅ አያስፈልግም። ባለቤት ከሌላቸው ውሾች መጠለያ የመጣላት አንድ ጥቁርና ነጭ፣ ጆሮው የተቀደደ፣ ያረጀ ውሻ ነው፤ ከገጠር መንገድ ዳር እግሩ በአጥር ሽቦ ተይዞ የተገኘ። የመጠለያው ኃላፊ ያስና ራሷ ይዛው መጥታ ቁርጡን ተናገረች።

«ይሄ ውሻ ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው። በዚህ ብርድ ደጅ ከከረመ አይተርፍም፣ አርጅቷል። እሁድ መጥቼ አያለሁ። ደጅ ካገኘሁት ይዤው እመለሳለሁ፤ እንዳትቀየሙኝ።»

«ስሙስ ማነው?» አሉ ዶን ባልዶቪኖ ከመስኮታቸው።

«ልዑል ብለነዋል፣ ዶን ባልዶ።»

«የበግ ውሻ ደግሞ ልዑል ተብሎ ይጠራል?» ብለው ወደ ቅላቸው ተመለሱ።

ይህ የሆነው ረቡዕ ነው። ልዑል ከመኪናው ወርዶ፣ በሩ ድረስ መጥቶ፣ ደፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቆመ በቃ። ማይሌን ስትጠራው ጭራውን ይቆላል እንጂ አይገባም። ኤዴልሚራ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ናት፤ በቀን ሦስት መቶ ልጅ ታበላለች። «እኔን እምቢ ያለ አፍ የለም» ብላ የበግ ጎድን ጠብሳ ምድጃው ሥር አስቀመጠችለት። ውሻው ለሃጩን አዝረበረበ፤ ዓይኑን ከሥጋው አልነቀለም፤ እግሩን ግን ከደፉ አላሳለፈም።

«አፈር ስሆን ግባ፣ አንተ» አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ። መጨረሻው ሥጋውን ደጅ አወጣችለት።

ሐሙስ ባሏ ኔልዶ ተሸክሞ አስገባው። ኔልዶ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነጂ ነው፤ የአገሩን መንገድ ሁሉ ሲከፍት ይውላል፤ አንድ ውሻ ግን አቃተው። ልዑል ወለሉ ላይ ልጥፍ ብሎ ሽንቱን ለቀቀ፤ በሩ ገርበብ ሲል ሾልኮ ወጣ። ከዚያ ወዲያ፣ ምናልባት በገዛ ፈቃዱ ይገባ እንደሆነ ብለው፣ በሩን ከፍተው መዋል ጀመሩ። አርብ ምሳ የበሉት ካፖርትና ኮፍያ አድርገው ነው። እንጨቱ የሚነደው ለሰፈሩ ሆነ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል» አለ ኔልዶ እጁን እያሻሸ፤ «ይሄ ግን በልቶም አይጮኽ፣ ተለምኖም አይገባ። ከአባባ ጋር ሳይመካከር አልቀረም። ሁለቱም ከተማ አልተስማማቸውም።»

«ተዉት፤ ውሻ ቦታውን ያውቃል» አሉ ሽማግሌው።

ኤዴልሚራ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ቦታውን ያሳወቀው ማን ነው? እንደ እርስዎ ያለ ሰው አይደል፣ አባዬ? ደፉን በረገጠ ቁጥር አለንጋ እያቀመሰ? እንግዲህ እሁድ ሲወስዱት ለማይሌን እርስዎ ይንገሯት።»

የዶን ባልዶቪኖ ፊት ጠቆረ። እውነቷን ነዋ። በዚያ ሜዳ የበግ ውሻ ደፍ አያልፍም፤ በቡችላነቱ አንዴ ካለፈ ሁለተኛ እንዳያስበው ይደረጋል። እሳቸውም ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲያ አድርገው ነው ያሳደጉት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ሁሉም የሚያደርገው እንዲያ ነበር፤ ውሻ በማስተማር ደግሞ የሚስተካከላቸው አልነበረም።

ቅዳሜ በረዶው ሲጥል ዋለ። ልዑል በሩ ጎን ጥቅልል ብሎ ተኛ፤ ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠለጠለ። ማይሌን የራሷን ብርድ ልብስ አልብሳው ገባችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አያቷ ይህን አዩ። ማቴያቸው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

እሁድ ጠዋት፣ ያስና ልትመጣ አንድ ሰዓት ሲቀራት፣ ኤዴልሚራ የመስኮቱን ወንበር ባዶ አገኘችው። ሮጣ ስትወጣ አባቷ በረዶው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ፣ ያንን ኮርቻ ከእንጨት ማከማቻው እየጎተቱ ያወጣሉ።

«አባዬ፣ ያንን ዳሌ ጨርሰው ሊሰብሩት ነው?»

«ከምትቆጪኝ አትይዢልኝም?»

ኮርቻውን ምድጃው አጠገብ አስወረዷት። የኮርቻውን የበግ አጎዛ ላዩ ላይ አነጠፉ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ እያቃሰቱ፣ ሜዳ ላይ ሲያድሩ እንደሚያደርጉት ጀርባቸውን ለኮርቻው ሰጥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ኔልዶና ማይሌን አፋቸውን ከፍተው ያያሉ።

«ማንም እንዳይጠራው። እንዳታዩትም» አሉ። «የበግ ውሻ ጌታው ኮርቻውን ያወረደበት ቦታ ተኝቶ ይጠብቃል። ይህንንም ተምሯል። የትኛው እንደሚበልጥበት እናያለን።»

በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ጠበቁ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእሳቱ ሳያነሱ፣ «ያ ውሻችን፣ ቲሶን፣ ትዝ ይልሻል?» አሉ።

«እንዴት አይለኝ» አለች ኤዴልሚራ። «ያኔ የማይሌን እድሜ ነበርኩ። በዚያ በክፉው የበረዶ ዓመት ከበጎቹ ጋር ጠፋ ብለውኝ ነበር። ጸደዩን ሙሉ እያፏጨሁ ፈልጌዋለሁ።»

«አልጠፋም። በሩን ከፍቼ ጠራሁት። ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ደፉ ላይ ቆሞ አየኝና አልገባም። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኮርቻው በረት ውስጥ ነበር፤ አምጥቼ ከጎኔ ባወርደው ኖሮ ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ሐሳቡ አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ ከቀበርኩት በኋላ ነው። በማግስቱ አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጎ ደርቆ አገኘሁት። ላንቺ መንገር አፈርኩ። የኮርቻውንም ነገር ረቡዕ ለት መናገር ነበረብኝ፤ ግን እሱን ከተናገርኩ የቲሶንንም መናገሬ ነው።»

ኤዴልሚራ ወለሉ ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

በዚህ መሀል ደፉ ላይ የጥፍር ድምፅ ተሰማ። አንድ እግር። ልዑል አንገቱን ሰብሮ ዱላውን ጠበቀ። ዱላ አልመጣም። ሁለተኛውን እግሩን አስከተለ። ሆዱን ወለሉ ላይ እየጎተተ መጥቶ አገጩን አጎዛው ላይ አሳረፈ፤ የጢሙ በረዶ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ዶን ባልዶቪኖ የተቀደደ ጆሮውን ዳሰሱት።

ያስና ስትደርስ ቤተሰቡን በሙሉ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የማስረከቢያ ወረቀቱን አወጣች። «ስሙን ትቀይሩታላችሁ ወይስ እንዳለ ልጻፈው?»

ማይሌን አያቷን አየቻቸው። «ቲሶን እንበለው፣ አባባ?»

«አይሆንም» አሉ። «ቲሶን ደጅ ቀርቷል። ይሄ ልዑል ነው።» ከዚያ ወደ ኔልዶ ዞሩ። «በል አሁን በሩን ዝጋልን፤ በረደን።»