ጉንዳኖቹ የበረሩ ዕለት

ደባርቅ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ በሄድኩበት ዓመት ሁለት ወንዶች በአንድ ጊዜ ፈለጉኝ። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሌላው የእኛው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር። የባንኩ ሰው እኔን ከማናገር ይልቅ አከራዬን መረጠ። አከራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ስኳር ይዞላቸው እየመጣ፣ የሚያፈሰውን ጣራቸውን እያስጠገነ፣ ብዙም ሳይቆይ "ልጄ" ተባለ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማታ የሚያወሩልኝ ስለ እሱ ሆነ። የስፖርት መምህሩ በበኩሉ የባንኩን ሰው ስም ማጥፋት ያዘ፤ ጎንደር ሚስት አለችው እስከ ማለት ደረሰ። እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ ስመለስ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ሌላው ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ይጠብቀኛል። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተገናኙ እኔን ረስተው እርስ በርስ ይገላመጣሉ።

እኔ የማስበው ሌላ ሰው ነበር።

እሱም የባዮሎጂ መምህር ነው፤ የዳባት ልጅ፣ ረጋ ያለ፣ ለመናገር የማይቸኩል። ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ እንጋራለን። ጉንዳን ይወዳል። ሌሎች መምህራን ይቀልዱበታል፤ እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ሰኔ ላይ፣ ደህና ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ብቅ ባለችበት ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ መጥቶ ጠራኝና ተከትዬው ወጣሁ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ክንፍ ያወጡ ጉንዳኖች እንደ አሸን ይፈላሉ። ትንንሾቹ ወንዶቹ ናቸው፤ ትልልቆቹ ንግሥቶቹ። እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከክን። አንዲቷ ንግሥት ላይ ወንዶቹ ተደራርበው፣ አንዱ ሌላውን በእግሩ እየገፋ፣ ድብልብል ብለው ይንከባለላሉ። አንዳንዶቹ ግፊያውን ትተው ሣሩ ጫፍ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ።

እሱ እያየ ያስረዳኛል። ወንዶቻቸው ክንፍ የማያወጡ፣ ከጎጇቸው የማይወጡ ዘሮች አሉ አለኝ፤ እነዚያ ገና የተፈለፈለ ወንድማቸውን ገላው ሳይጠነክር በመንጋጋቸው ይገድሉታል። እዚያው ጎጆ ውስጥ ደግሞ ክንፍ ያላቸው፣ የማይጣሉ ወንዶች ይኖራሉ። የእነዚህ ጠረን የሴት ጠረን ስለሚመስል ተዋጊዎቹ ሳይነኳቸው ያልፋሉ።

"ታዲያ የሚያሸንፈው የትኛው ነው?" አልኩት።

ሁለቱም በየመንገዳቸው ይሳካላቸዋል፤ ባይሆን ኖሮ አንዱ ድሮ በጠፋ ነበር አለኝ። ከዚያ ስለ ወንዶቹ ዕጣ ነገረኝ፤ ከዚህች ከሰዓት በኋላ ብዙም አይቆዩም። ንግሥቲቱ ግን ክንፏን ራሷ ነቅላ ጥላ መሬት ትገባለች፤ በአንድ ቀን የተቀበለችውን ዘር ይዛ ዓመታት እንቁላል ትጥላለች።

የሁለቱን ሰዎች ነገር አንስቼ አሳቅሁት። ከሳቀ በኋላ ጉልበቱ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ማራገፍ ጀመረ። ወዲያው ዝናቡ ተመልሶ መጣና ሮጠን ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆምን። ጃኬቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። ዝናቡ እስኪያባራ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ያ ዝምታ ዛሬም ቢሆን ይናፍቀኛል።

መስከረም ትምህርት ሲከፈት እሱ አልነበረም። እናቱ በጠና ታመው ወደ ዳባት ተዛውሯል አሉኝ። ጥቅምትን በሙሉ አንድ ቀን ይደውላል እያልኩ ጠበቅሁ። ኅዳር ላይ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት ወረድኩ።

ቤታቸው ሄጄ የታመሙትን እናቱን ጠየቅኋቸው፤ ከመደባቸው ሳይነሱ መረቁኝ። እሱ ሲሸኘኝ አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ቆምኩ።

"እነዚያ ሁለቱ ሲሻሙብኝ እኔ አንተን ነበር የምጠብቀው" አልኩት።

ሚኒባሱ ወደሚመጣበት አየ።

"ዳር መቆሜ አንቺን ማክበር መስሎኝ ነበር" አለኝ። "አሁን ቃል ሰጥቻለሁ።"

እናቱ ሳልሞት ሠርግህን ልይ ብለው ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ቀለበት ታስሯል፤ ሠርጉ ለጥር ነው። ቃልህን አፍርስ አላልኩትም። ያጫትን ልጅ አላውቃትም፤ ግን እሷም የምትጠብቀው እሱን ነበር። ሚኒባሱ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ በሩን ዘጋልኝ።

የባንኩ ሰው ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፤ አከራዬ ከእኔ በላይ አዘኑ። የስፖርት መምህሩ አግብቶ የልጆች አባት ሆኗል፤ ዛሬ ጥሩ ወዳጄ ነው። እኔን ከዚያ በኋላም የፈለጉኝ ነበሩ። አንዳቸውንም እሺ አላልኩም።

የዳባቱ መምህር ባለፈው ዓመት ለመምህራን ስልጠና ደባርቅ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ሽሮ በላን። ስለ ልጆቹ ነገረኝ። እናቱን ሳነሳበት ሳቅ አለ፤ ድነው፣ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሳለማሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ያጫውታሉ አለኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት፤ ከልቤ ነበር ያልኩት።

ስልጠናው ሲያበቃ ከሌሎቹ ጋር ወደ መናኸሪያ ሄደ። እኔ ቤቴ ለመግባት ልቤ እምቢ ስላለኝ ወደ ስሜን ተራሮች በሚወስደው በቡይት ራስ መንገድ ብርዱ እስኪመልሰኝ ድረስ ብቻዬን ሄድኩ።