የዘለልኩት በር

ዛሬ ከሰዓት የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ የሚቀቀል ስንዴ ሽታ በመስኮት ገባ። ለብ ያለ፣ እርጥብ፣ ትንሽ የገለባ ጠረን ያለበት ሽታ ነው። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ለካ ግንቦት ልደታ ነው። ልጄ፣ አንቺ በጣልያን ጊዜ አልተወለድሽም ነበርና ልንገርሽ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሜን በየካቲቱ ግድያ ሰሞን ከደጃችን ወሰዱት። የወሰዱት ሁለት የጣልያን ወታደሮች ናቸው፤ ስሙን ከነአባቱ ጠርቶ ያስወጣው ግን የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ አስተርጓሚያቸው። ስሙን ከወረቀት ላይ ያንብበው ወይ ራሱ ይጠቁማቸው አናውቅም። እናቴ «ከእግዜር በቀር የሰው ልብ የሚያውቅ የለም» ትል ነበር። እኔ ግን አውቄ ጨርሼ ነበር።

በዚያ ዕድሜዬ እምነቴን አጥብቄ ይዤ ነበር። ኪዳን አላስታጉልም፣ ጾም አልገድፍም። ሰው ፊት መናገር የሚያቅተኝ ልጅ ስለ ነበርኩ፣ ዝም ብሎ መቆም የሚቻልበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ብቻ መሆኑም ሳይስበኝ አልቀረም። ወንድሜ በተወሰደ በዓመቱ፣ ለግንቦት ልደታ ልቆርብ ተነሣሁ። የንስሐ አባታችን ጓሯችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠየቁኝ።

«ቂም የያዝሽበት ሰው አለ?»

«የለም፣ አባቴ።»

መልሱ ከአፌ የወጣበት ፍጥነት እኔንም አስደነገጠኝ። እሳቸው መስቀላቸውን አሳለሙኝና ሄዱ።

በሰፈራችን ልማድ፣ በልደታ ዋዜማ አንዲት ያላገባች ልጅ ከየቤቱ አንድ አንድ እፍኝ እህል ትሰበስባለች። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው በአንድ ድስት ይቀቀልና በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይበላዋል። አንድ ቤት ከጎደለ የልደታ ንፍሮ አይባልም። በዚያ ዓመት ተራው የእኔ ነበር።

አስተርጓሚው ወደ ሰፈር ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት አሮጊት እናቱ ብቻ ነበሩ። ቁናዬን ይዤ ስደርስ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ በሁለት እጃቸው ስንዴ አፍሰው ይዘዋል። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ በአጠገባቸው አለፍኩና የሚቀጥለውን በር አንኳኳሁ። አልተጣሩም። ከእጃቸው ያመለጡ ጥቂት ፍሬዎች ድንጋዩ ላይ ሲወድቁ ብቻ ሰማሁ።

በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ አስቀደስኩ። ካህኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲሉ፣ ሴቶቹ ወደየጎረቤታቸው ጎንበስ ጎንበስ አሉ። እኔ አንገቴ አልታዘዝ አለኝ። ቆራቢዎች ሲሰለፉ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ።

«ምነው፣ አመመሽ?» አለችኝ እናቴ።

«ሆዴን» አልኳት።

ጣልያን ሰው ሲሰበሰብ ስለማይወድ፣ ንፍሮው የተበላው እኛ ጓሮ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ሸማኔው ጎረቤታችን አንድ እፍኝ ቃም አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

«ሴቶች፣ ይሄ ባቄላ አልበሰለም እኮ! ስንቆረጥመው ተኩስ መስሏቸው እንዳይመጡብን።»

«አንተ መጀመሪያ ጥርስ አብቅል!» አለችው ሚስቱ።

ሁሉም አፉን በነጠላው ይዞ ሳቀ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ማዶ ማዶውን አይ ነበር። አሮጊቷ ደጃቸው ላይ ሦስት ድንጋይ ጎልተው፣ በትንሽ ድስት የራሳቸውን ስንዴ ይቀቅላሉ። ጭሱ ወደ ፊታቸው ሲመጣ እንኳን ፈቀቅ አላሉም። ልደታን ለብቻው የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ምነው ልጄ፣ ረሳሽኝ?» አሉ።

«አልረሳሁዎትም፣ እማማ። አውቄ ነው የዘለልኩዎት።»

እሳቱን ቆሰቆሱ። ቆይተው፣ «የኔ ልጅ ወንድምሽን አላስያዘም ብዬ ብምልልሽ በወደድኩ» አሉኝ። «አልምልም፤ አላውቅማ። ብጠይቀው ፊቱን አዞረብኝ።»

ድስታቸውን ግራና ቀኝ ይዘን ወደ ጓሮው ገባን። ወሬው ሁሉ ቆመ። እናቴ አሮጊቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ከበርጩማዋ ተነሥታ አስቀመጠቻቸውና የድስታቸውን ስንዴ ትልቁ ድስት ውስጥ ገለበጠችው።

«ይኸው፣ አሁን በሰለ» አለ ሸማኔው።

በማግስቱ ለንስሐ አባቴ መዋሸቴን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ስግደት ሰጡኝና «ለፍልሰታ ትቆርቢያለሽ» አሉ።

አሮጊቷ ፍልሰታን አላዩአትም። በሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናቡ በማያባራበት ሳምንት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ልጃቸው መጣ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ጭቃው ውስጥ ብቻውን ቆሟል፤ ማንም አልተጠጋውም። ለቀስተኛው መበተን ሲጀምር ወደ እሱ ሄድኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። የወንድሜን ስም ጠራ። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ የሚቀጥለው ቃል ከሩቅ የሚመጣ ይመስል። እኔ ግን «ያጽናህ» ለማለት የነበረኝን ድፍረት ሁሉ ጨርሼ ነበር። ቃሉን ሳልጠብቅ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ ተመለስኩ።

በፍልሰታ ቆረብኩ። ልቤ ቀሎኝ ነበር። ጣልያን ሲወጣ አስተርጓሚው አብሮ ጠፋ፤ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ወንድሜም አልተመለሰም።

እናቴ አሁን አርጅታለች። አንዳንድ ቀን፣ ደጅ ፀሐይ እየሞቀች፣ በድንገት ትጠይቀኛለች።

«ያ ልጅ፣ በእናቱ ቀብር ዕለት፣ ምን አለሽ?»

«ይስጥልኝ አለኝ።»

ነጠላዋን ትሰበስባለች።

«ሌላ አላለም?»

«ሌላ አላለም፣ እማዬ።»