«ሞላ ደክሟል» ያልኩ ቀን

ቅዳሜ ጠዋት... ዲኬተር ከተማ አንድ የሐበሻ ጋራዥ በር ላይ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ፣ ሸምገል ያሉ መካኒክ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁኝ።

«ደክሟል ብለሽ የደወልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ። ዕድሜው አልቋል እኮ... ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኘው ያቃስታል።»

ወገባቸውን ቀጥ አደረጉ። «የማን ዕድሜ ነው ያለቀው?!»

«የሞላ ነዋ!»

«ሞላ እኔ ነኝ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ1966 ሞዴል ኢምፓላ መኪና አለችኝ። ከእርጅና ብዛት አፍንጫዋ ወደ መሬት ዘንበል ብሏል፣ ሃይዌይ ላይ ታወዛውዘኛለች። ወንድሜ «ሽጫትና ረፍት አግኚ» ይለኛል። አልሸጥም! ከድሮው የጠነከረ የፊት ሞላና ንዝረት የሚያበርድ አሞርዛተር አዝዤ አስመጣሁና ጋራዡ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው እዚሁ ፈረንጅ አገር ያደገች የባለቤቱ ልጅ ናት።

«የፊት ሞላ ደክሟል፣ አውጡትና በአዲስ ቀይሩልኝ» አልኳት። መኪናዋን የሚሸከመውን ጥምዝምዝ ብረት ማለቴ ነው። አባቴ መካኒክ ስለነበር ሌላ ስም አላውቅለትም። እሷ የምታውቀው ሞላ ግን አንድ ብቻ ነው...

«ኦኬ፣ ለዳዲ እነግረዋለሁ» አለችኝ። ነገረችው!

እሱ ደግሞ ጋሽ ሞላን «ከስተመር ኮምፕሌን አድርጋለች፣ ከባዱን ሥራ ለልጆቹ ይልቀቁና ዘይት ይቀይሩ» ብሏቸው ኖሯል። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሥር የኖሩትን ሰው! በእኔ ምላስ! አፈርኩ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ።

ባለቤቱ ቢሮ ገብቼ ነገሩን አስረዳሁትና «ይቺን መኪና ከጋሽ ሞላ በቀር ማንም አይነካትም። ካልሆነ ይዣት እሄዳለሁ» አልኩት።

«ሲሪየስሊ፣ እውነትም እኮ አርጅተዋል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሞላ ሲፈታ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል።»

ጋሽ ሞላ ከኋላዬ ቆመው ሰምተዋል። «የሚገድለው የማያውቀውን ነው!» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

አሮጌውን ሞላ በማሰሪያ ጠፍረው ቀስ እያሉ አወጡት፣ አዲሱንም ገጠሙ። ወጣቶቹ መካኒኮች ሥራቸውን ትተው ከበው ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ነዱልኝ፣ የመጀመሪያውን ጉድጓድ አይቼ ዓይኔን ጨፈንኩ... ኢምፓላዬ ፍንክች አላለችም።

ስንመለስ ጋሽ ሞላ «ሰኞ የሚመጣውን ፒክአፕም የምሠራው እኔ ነኝ» አሉት። ባለቤቱ የሰኞውን ሥራ በስማቸው ጻፈ። ወደ እኔ ዞሮ ግን...

«ሁለተኛ ስትደውዪ ስፕሪንግ በይ፣ እሺ?»

«አልልም! አንተ ልጅህን አማርኛ አስተምር።»