የፈራችው የፊት ፍሬን

አዋላጇ አሸዋ ላይ የፊት ፍሬኑን ድንገት ጨብጣ ከሞተሯ ከወደቀች ወዲህ ያንን ፍሬን በጣቷ ጫፍ እንኳ አትነካውም። በእግሯ የኋላውን ብቻ ትረግጣለች፤ ሞተሩ ግን ቶሎ አይቆምላትም፤ የኋላ ጎማውም ይንሸራተትባታል።

ታላቅ ወንድሟ ይህን አየና ባዶ ሜዳ ወሰዳት።

«አራስ ልጅ የምታነሺው መንጭቀሽ ነው?» አላት።

«ምን ነካህ ወንድሜ? ቀስ ብዬ ነዋ!»

«ፍሬኑንም እንደዚያው ያዢው። መሪውን ቀጥ አድርጊና ሁለቱንም አንድ ላይ፤ የፊቱን ቀስ በቀስ እያጠበቅሽ።»

መጀመሪያ እጇ እምቢ አላት። ደጋግማ ስትሞክር ግን ሞተሩ ሳይንገዳገድ ቆመላት፤ ሳቋ አመለጣት።

በሳምንቱ ምጥ ወደያዛት ሴት ስትገሰግስ ፍየል ከአጥር ጥግ ዘሎ መንገዱ መሃል ገባ። ሁለቱንም ፍሬን ያዘች፤ ሞተሩ ክንድ ያህል ሲቀረው ቀጥ አለ። ፍየሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እያኘከ አያት።

«አንተ ደግሞ፣ ዞር በልልኝ!» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

የወላዷ እናት በሩ ላይ ተቀበሏት። «ልጄ፣ ምነው ደንግጠሻል?»

«ፍየል ገብቶብኝ ነበር እማማ፤ ሞተሩ ግን ቆመልኝ» አለች ፈገግ ብላ፤ «ይልቅ ውሃ ያፍሉልኝ።»